ፍርሃት ባለበት ጨዋታ የለም፦ ከቤት ውስጥ ጥቃት የወጡ ሴቶች ለምን በጨዋታ ይታከማሉ?

አማርኛችን አንድ የሚገርም ጠባይ አለው። «ጨዋታ» ስንል ኳሱም፣ ሱዚውም፣ ገበጣውም ጨዋታ ነው፤ ቡና ላይ የሚወራው ወሬና ቀልድም ጨዋታ ነው። ቤታችሁ የመጣ እንግዳ ዝም ካለ እናታችሁ «ኧረ ተጫወት እንጂ!» ትለዋለች፤ ተነስቶ ኳስ እንዲመታ ፈልጋ ግን አይደለም። የተከበሩ ሽማግሌም «ጨዋታ አዋቂ ናቸው» ሲባሉ ደስ ይላቸዋል እንጂ አይቀየሙም። ቋንቋችን ትልቅ ሰው አይጫወትም አይልም፤ ትልቅ ሰው የሚጫወተው በአፉ ነው ነው የሚለው።

ይህን ያነሳሁት ዛሬ የማወራችሁ ነገር መጀመሪያ ሲሰሙት ግራ ስለሚያጋባ ነው። ከባላቸው ወይም ከፍቅረኛቸው ዱላ፣ ስድብና ዛቻ ጋር ለዓመታት የኖሩ ሴቶች ከዚያ ሕይወት ከወጡ በኋላ ከሚሰጧቸው የሥነ ልቦና ሕክምናዎች አንዱ በቡድን መጫወት ነው። አዎ፣ መጫወት። ኳስ መወራወር፣ በጭቃ ምስል መሥራት፣ አሻንጉሊት ማናገር፣ የሌላዋን እንቅስቃሴ እንደ መስታወት መከተል። «እንዴ! ልጆቿን አቅፋ በሌሊት የሸሸች ሴት ኳስ ተጫወቺ ትባላለች?» ብትሉ አልፈርድባችሁም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን የሚጀምረው ከሴቶቹ ሳይሆን ከአይጦች ነው።

የድመት ፀጉር

ጃክ ፓንክሴፕ ኢስቶኒያ ተወልዶ አሜሪካ ውስጥ የሠራ የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪ ነበር። ብዙ ሰው አይጥን ለመድኃኒት ሙከራ ሲጠቀምባት፣ እሱ አይጦች እንዴት እንደሚጫወቱ ቁጭ ብሎ ያይ ነበር። (መቼም ይሄን ለምርምር ገንዘብ ሰጪ ማስረዳት ቀላል አይመስለኝም።) ሁለት የአይጥ ግልገሎች ሲገናኙ ይታገላሉ። አንዱ ሌላውን በጀርባው ያንጋልለዋል፤ የተጣለው ይነሳና ተራውን ይጥላል። ፓንክሴፕ በተወሰነ ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተጣጣሉ ቆጠረ። በቃ፣ ጨዋታ በቁጥር ተለካ ማለት ነው።

በአንዱ ሙከራ ላይ ጥቂት የድመት ፀጉር ወስዶ ግልገሎቹ የሚጫወቱበት ሳጥን ውስጥ አስቀመጠ። ድመቷ ራሷ የለችም። ግልገሎቹ ቤተ ሙከራ ውስጥ የተወለዱ ስለሆኑ ድመት የሚባል ፍጥረት አይተው አያውቁም። ሽታው ግን በቂ ነበር፤ ጨዋታው ቀጥ አለ። ይበልጥ የሚገርመው ቀጥሎ የሆነው ነው፦ ፀጉሩ ከሳጥኑ ከወጣ በኋላም ግልገሎቹ ለቀናት እንደ ድሮው አልተጫወቱም። አደጋው ሄዷል፤ ፍርሃቱ ግን እዚያው ቀርቷል።

ፓንክሴፕ ሌላም ነገር አገኘ። በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) እሱና ባልደረባው ጄፍሪ በርግዶርፍ የሌሊት ወፍ ድምፅ ለመስማት በተሠራ መሣሪያ ሲያዳምጡ፣ አይጦች ሲጫወቱም ሆነ በሰው እጅ ሲኮረኮሩ 50 ኪሎኸርትዝ አካባቢ የሆነ የጩጭታ ድምፅ እንደሚያወጡ ደረሱበት። የእኛ ጆሮ ከ20 ኪሎኸርትዝ በላይ ስለማይሰማ ድምፁ ያለ መሣሪያ አይሰማንም። የተኮረኮሩት አይጦች ደግሞ የኮረኮራቸውን እጅ እየተከተሉ ይሮጣሉ። «እንደገና!» እንደማለት። ሳቅ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር ዛሬም አለ፤ ደስታ መሆኑን ግን ብዙዎቹ ይቀበላሉ። ከዚያ በፊት ደግሞ የላይኛው የአንጎል ክፍላቸው ገና በልጅነታቸው የተወገደ አይጦች ጭምር እንደሚጫወቱ አሳይቶ ነበር። ጨዋታ በአንጎል ላይ እንደ ጌጥ የተጨመረ ነገር ሳይሆን ከሥር፣ ከጥንቱ ክፍል የሚመነጭ መሆኑን ነው ይህ የሚነግረን።

አይጥ ሴት አይደለችም፤ ሴትም አይጥ አይደለችም። ከአይጥ ተነስቶ ስለ ሰው መደምደም አይቻልም። ግን የድመቷን ፀጉር ልብ በሉልኝ፤ እንፈልገዋለን።

የቁልፍ ድምፅ

አንድ ቤት አስቡ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የበሩ ቁልፍ ሲንቋቋ የቤቱ አየር ይለወጣል። ልጆች ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። እናት ከቁልፉ አዟዟርና ከጫማው ኮቴ ብቻ «ዛሬ ጠጥቷል ወይስ አልጠጣም?» የሚለውን ታነባለች። ይህ ድንቅ ችሎታ ነው፤ ሕይወት ያድናል። ችሎታውን የሚሠራላት አንጎሏ ውስጥ ያለ፣ መጠኑ ከለውዝ የማይበልጥ፣ አሚግዳላ የሚባል ክፍል ነው። ሥራው አደጋን ቶሎ ማሽተትና ደወል መደወል ነው። ደወሉ ሲደወል አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉት ሆርሞኖች ይለቀቃሉ፤ ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ የምግብ መፈጨት ይዘገያል፣ ከግንባራችን ጀርባ ያለው አመዛዛኙ የአንጎል ክፍል ደግሞ ድምፁ ይቀንሳል። እየሸሹ ማመዛዘን ጊዜ ይፈጃላ።

ችግሩ ይህ በሳምንት ሦስት አራቴ፣ ለዓመታት ሲደጋገም ነው። ደወሉ መጥፋት ይረሳል። ሴትየዋ ከዚያ ቤት ወጥታ፣ ሌላ ሰፈር፣ ሌላ በር ውስጥ ሆና እንኳ ጎረቤት ቁልፍ ሲያዞር ትደነግጣለች። ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል ክፍል ትዝታን ከቦታና ከጊዜ ጋር የማሰር ሥራ አለው፤ «ይሄ የሆነው ያኔ ነው፣ እዚያ ነው» ይላል። በከባድ ፍርሃት ውስጥ የተቀረጸ ትዝታ ግን ብዙ ጊዜ ይህ ማኅተም በደንብ አያርፍበትም። ስለዚህ ያኔ የሆነው ነገር አሁን እየሆነ ያለ ያህል ይሰማታል። ቅዠት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ በትንሽ ነገር መበርገግ፣ ወይም በተቃራኒው ምንም ነገር አለመሰማት ይከተላል። እነዚህ ሲጠነክሩና ሲቆዩ ባለሙያዎች ድኅረ አደጋ የጭንቀት ሕመም ይሉታል፤ ብዙዎቻችሁ ፒቲኤስዲ በሚለው ስሙ ታውቁት ይሆናል።

ድብደባ ብቻ እንዳይመስላችሁ ደግሞ። ኤቫን ስታርክ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከዱላው ይልቅ ሰውን የሚሰብረው የዕለት ተዕለት ቁጥጥሩ ነው ብሎ ተከራክሯል። ስልኳን ማን ነው የሚያየው? እናቷ ጋ ለመሄድ ማንን ታስፈቅዳለች? የአስቤዛው ገንዘብ ስንት ነው፣ ደረሰኙስ? ምን ትልበስ? እንዲህ ያለው ሕይወት የሚወስደው ትልልቁን ውሳኔ ብቻ አይደለም፤ «ዛሬ ሽሮ ልሥራ ወይስ ምስር?» የሚለውን ጭምር ነው። ጨዋታ ደግሞ ምን እንደሆነ አስቡት። ጨዋታ ማለት ማንም ሳያስገድድህ መምረጥ ነው። ኳሱን ለማን ልወርውር? አሁን ልሩጥ ወይስ ልቁም? ስህተት ብትሠራ ቢበዛ ይሳቅብሃል። ሁለቱ፣ ማለትም ቁጥጥርና ጨዋታ፣ እሳትና ውሃ ናቸው።

ሰባት ከአሥር

ይህ የጥቂት ሰዎች ጉዳይ ነው እንዳትሉ ቁጥር ልስጣችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ ያደረገው ጥናት በ10 አገሮች ከ24,000 በላይ ሴቶችን አነጋግሮ ነበር። ከኢትዮጵያ የተመረጠው ቦታ ቡታጅራ አካባቢ ነው። እዚያ ባል ወይም የትዳር አጋር ኖሯቸው ከሚያውቁ ሴቶች 71 በመቶው በሕይወታቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ከአጋራቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። በጥናቱ ከተካተቱት ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው ይህ ነበር። በ2016 (እ.ኤ.አ.) የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ደግሞ በአገር አቀፍ ደረጃ፣ አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶው ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው አሳየ። ሁለቱ ቁጥሮች የተለያዩት ቦታው፣ ጊዜውና የአጠያየቁ ዘዴ ስለሚለያይ ነው። ለእንዲህ ያለ ጥያቄ መልሱ የሚወሰነው ማን፣ የት፣ በምን ዓይነት ድምፅ እንደጠየቀ ነው።

ከዚያው ዳሰሳ እኔን ይበልጥ ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። «ምግብ ብታሳርር፣ ሳትናገር ብትወጣ፣ ብትከራከረው፣ ልጆቹን ችላ ብትል፣ ወይም አብራው አልተኛም ብትል ባሏ ቢመታት ልክ ነው?» ተብለው ሲጠየቁ፣ ቢያንስ በአንዱ ምክንያት «ልክ ነው» ያሉት ሴቶች 63 በመቶ ናቸው። ወንዶቹስ? 28 በመቶ። ተገላብጦ አላነበባችሁትም። «ሴትና አህያ በዱላ» ሲባል እየሰማች ያደገች ልጅ ዱላው ሲመጣ «ምን አጥፍቼ ነው?» ብላ መጀመሪያ የምትመረምረው ራሷን ነው። ሕጉ ግን ከተረቱ ቀድሞ ሄዷል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር አጋር ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ስሙን ጠርቶ ወንጀል ያደርገዋል። የአካል ጉዳትን ብቻ ሳይሆን በአእምሮ ጤና ላይ የሚደርስ ጉዳትንም ይጨምራል።

አሁን ሒሳብ እንሥራ። የቡታጅራው ቁጥር ባለበት ቦታ አሥር ያገቡ ሴቶች ቡና ቢጠጡ፣ በአማካይ ሰባቱ ያውቁታል ማለት ነው። ግን እያንዳንዷ «እኔ ብቻ ነኝ» ብላ ታስባለች። ለምን? ገመና ነዋ። ቡና ላይ የተነገረ ነገር በሦስተኛው ቀን ባልየው ጆሮ ይደርሳል። ጎረቤት አማት ሊሆን ይችላል፤ የዕድሩ ዳኛ የእሱ የልብ ጓደኛ ይሆናል። ስለዚህ «ቡና አለን፣ ማኅበር አለን፣ የቡድን ሕክምና ምን ያደርግልናል?» የሚሉ ሰዎች ግማሽ እውነት ነው ያላቸው። አብሮ የመሆን ባህሉ አለን፤ ምሥጢር የሚጠበቅበት፣ የማይፈረድበት ክብ ግን ከዚያ ለየት ይላል። የቡድን ሕክምናን በሰፊው ያጠናው ኢርቪን ያሎም ቡድን ሰውን የሚረዳባቸውን መንገዶች ሲዘረዝር አንዱን በግርድፉ «እኔ ብቻ አይደለሁም» ልንለው እንችላለን። ለአንዲት ሴት ይህን ሐኪም ቢነግራት ዜና ነው፤ ሰባት ሴቶች አጠገቧ ቁጭ ብለው ሲያሳዩአት ግን ሌላ ነገር ነው።

ክፍሉ ውስጥ

የጨዋታ ሕክምና መጀመሪያ የልጆች ነበር። ሕፃን «ምን ተሰማህ?» ተብሎ ተጠይቆ አይመልስም፤ ግን አሻንጉሊቱን ሲቀጣ ሁሉን ይናገራል። ማርጋሬት ሎውንፌልድ የተባለች እንግሊዛዊት ሐኪም በ1920ዎቹ መጨረሻ ለንደን ውስጥ አሸዋ የሞላ ሳጥንና ትናንሽ ምስሎች አዘጋጅታ ልጆች ዓለማቸውን እንዲሠሩ ታደርግ ነበር። ሐሳቡን በከፊል ያገኘችው የሳይንስ ልብ ወለድ ደራሲው ኤች ጂ ዌልስ ከልጆቹ ጋር ወለል ላይ ስለሚጫወተው ጨዋታ ከጻፈው መጽሐፍ ነው። አሜሪካዊቷ ቨርጂኒያ አክስላይን በ1947 ባሳተመችው መጽሐፍ ደግሞ መሪው ሕፃኑ እንጂ ሐኪሙ አይደለም የሚለውን መርህ አጠናከረች። ቪየና ላይ በ1921 ሕዝብ ፊት መድረክ የሞከረው ያኮብ ሞሬኖ ግን ትልልቅ ሰዎችን ነበር የሚያጫውተው፤ ሳይኮድራማ የሚባለው ዘዴ የእሱ ነው። በልጅነታችሁ እቃቃ ስትጫወቱ አንዳችሁ እናት፣ አንዳችሁ አባት፣ አንዳችሁ እንግዳ አልሆናችሁም? ሞሬኖ ያደረገው እቃቃን ለአዋቂ መመለስ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ዛሬ ለሴቶች በሚዘጋጁ ቡድኖች ውስጥ ከእነዚህ ሁሉ የተቀዳ ነገር ታገኛላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት እስከ አሥር ሴቶች፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለሁለት ሦስት ወር ይገናኛሉ። አንዴ ከተጀመረ አዲስ ሰው አይገባም። አንድ ወይም ሁለት የሠለጠኑ አመቻቾች አሉ። በር ይዘጋል፣ ግን አይቆለፍም፤ ቁልፍ የሌለው በር ለእነዚህ ሴቶች ብዙ ይናገራል።

የመጀመሪያው ቀን ጨዋታ ብዙ ጊዜ በጣም ቀላል ነው፦ ስምሽን ተናገሪና ኳሱን ወርውሪ። ቀላል? እኛ አገር እስኪ አስቡት። ሃያ ዓመት ሙሉ «የአበበ እናት»፣ «የእገሌ ሚስት» ስትባል የኖረች ሴት የራሷን ስም ጮክ ብላ ትላለች። አምስት ሰዎች ስሙን ተቀብለው እየደገሙ ኳስ ይወረውሩላታል። የሃምሳ ዓመቷን ሴት የሃያ ዓመቷ «አንቱ» ልበል ወይስ «አንቺ» ብላ ትጨነቃለች፤ ኳሱ ሲፈጥን ግን አንቱታው አፍ ላይ ይጠላለፍና ሁሉም ይስቃሉ። ያ ሳቅ አልታቀደም፤ ሥራውን ግን ይሠራል።

ቀጥሎ መስታወት አለ። ሁለት ሴቶች ፊት ለፊት ይቆማሉ። አንዷ እጇን ቀስ ብላ ታነሳለች፤ ሌላዋ ትከተላለች። ከዚያ ይለዋወጣሉ። ስትመራ የሚከተላት ሰው አለ፤ ስትከተል ደግሞ የሚመራት ሰው አይጎዳትም። ሥልጣን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ማንም አይመታም። ሰዎች እንቅስቃሴያቸውን ሲያስተካክሉ በሰውነት ውስጥም ለውጥ አለ፦ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የኦክስፎርድ ጥናት ጀልባ ቀዛፊዎች አብረው ሲቀዝፉና ለየብቻቸው ሲቀዝፉ አወዳድሮ፣ ልፋቱ አንድ ሆኖ ሳለ አብረው ሲቀዝፉ ሕመምን የመቻል አቅማቸው ይበልጥ ከፍ ማለቱን አሳየ። ተመራማሪዎቹ ይህን ከኢንዶርፊን ጋር ያያይዙታል፤ ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ማስታገሻ ነው። ደቦ ላይ እየዘፈኑ የሚያጭዱ ገበሬዎች ይሄን ያለ ቤተ ሙከራ ነው የደረሱበት።

እኔ ከሁሉም የምወደው ግን «በቃ» የሚለው ጨዋታ ነው። ሁለት ሴቶች ክፍሉ ጥግና ጥግ ይቆማሉ። አንዷ በዝግታ ወደ ሌላዋ ትራመዳለች። የቆመችው መቅረቡ ሲከብዳት «በቃ» ትላለች፤ ያን ጊዜ እግሩ ወዲያውኑ ይቆማል። ሌላ ነገር የለውም፣ ይኸው ነው። ግን መጀመሪያ ላይ ቃሉ ከአፍ የማይወጣላት ሴት አለች። እንግዳዋ አፍንጫዋ ሥር እስክትደርስ ዝም የምትል አለች። ሰውነቷ የሚያውቀው «በቃ» ማለት የባሰ እንደሚያመጣ ነው። ስለዚህ ይደጋገማል። በሹክሹክታ፣ ከዚያ በድምፅ፣ ከዚያ እጅን ዘርግቶ። «በቃ» ብላ እግር ሲቆም አንድ መቶ ጊዜ ያየ አንጎል ቀስ በቀስ አዲስ ነገር ይማራል። ይህን በትምህርት ሊሰጧት አይችሉም፤ «መብት አለሽ» ብሎ መንገርና እግሩ ሲቆም ማየት የተለያዩ ናቸው።

ታዲያ ማንኛውም ጨዋታ አይሆንም፤ እዚህ ላይ ነው ሙያው። «መሃረቤን ያያችሁ» ሁላችንም እንወደዋለን፤ ክብ ሠርተን ቁጭ ስንል አንዱ ከጀርባችን ይዞራል፣ መሃረቡን ማን ጀርባ እንደሚጥል አናውቅም። ደስ የሚለው እሱ ነው። ከጀርባዋ የሚመጣ ሰው ለዓመታት ያስፈራት ሴት ግን በዚህ ጨዋታ ምን ትሆናለች? ድብብቆሽም እንዲሁ ነው፤ አልጋ ሥር ተደብቃ እየተፈለገች ያደረች ሴት አለች። ዓይን ማሰር የለም። ፊኛ ካለም እንዳይፈነዳ ይጠነቀቃሉ። ሳይጠይቁ መንካት የለም። የተሸነፈ ይውጣ የሚባልበት ጨዋታ የለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ «አልፈልግም» ማለት ሁልጊዜ ይፈቀዳል፤ ዳር ቁጭ ብላ ያየች ሴትም ተሳትፋለች። አመቻቹ «ነይ እንጂ፣ አትፍሪ!» ብሎ እጇን ከጎተተ በዚያች ቅጽበት ሕክምናው አልቋል። በግድ የሚጫወቱት ጨዋታ ሌላ ስም አለው።

በኋለኞቹ ሳምንታት ነገሩ ይከብዳል። በአሸዋ ላይ ቤት ትሠራለች፤ በሩን የት ታደርገዋለች? ለአሻንጉሊት የምትናገረውን ለራሷ ተናግራ አታውቅም። ባዶ ወንበር ፊት ቆማ ሳትናገር የቀረችውን ትናገራለች። አንዳንዴ አንዷ ከልቧ ስቃ በመሐል ታለቅሳለች፤ «ልጆቼ በዚህ ሁኔታ ላይ እያሉ እኔ እስቃለሁ?» የሚል ጥፋተኝነት ይይዛታል። ይህም የሥራው አካል ነው። ክፍለ ጊዜው ሁልጊዜ የሚዘጋው በረጋ ነገር ነው፦ በመተንፈስ፣ በእጅ ሥራ፣ ወይም በሻይ። ቁስሏን ከፍቶ ወደ ታክሲ ሰልፍ የሚልካት ቡድን ጥሩ ቡድን አይደለም።

ይሠራል?

ሳይንስ ነውና ይሄን ሳንጠይቅ አናልፍም። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ብላችሁ አንብቡ። «ለአዋቂ ሴቶች የቡድን የጨዋታ ሕክምና» በሚለው ስም የተሠሩ ጥናቶች ትንንሽ ናቸው፤ ከእነሱ ብቻ ተነስቶ «ተረጋግጧል» የሚላችሁን ሰው አትመኑት። ጠንካራው ማስረጃ ያለው ዘዴው በተገነባባቸው ጡቦች ላይ ነው።

የመጀመሪያው ጡብ ቡድኑ ነው። በምሥራቅ ኮንጎ ከወሲባዊ ጥቃት ለተረፉ ሴቶች የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ትልቅ ሙከራ አለ። በሰባት መንደሮች 157 ሴቶች የቡድን ሥነ ልቦናዊ ሕክምና አገኙ፤ በስምንት መንደሮች 248 ሴቶች ደግሞ በግል ድጋፍ አገኙ። ከስድስት ወር በኋላ የመደበት ወይም የከባድ ጭንቀት ምልክት የቀረባቸው ከግል ድጋፉ 42 በመቶ ሲሆኑ፣ ከቡድኑ 9 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሕክምናውን የሰጡት ከውጭ የመጡ ሐኪሞች ሳይሆኑ የሠለጠኑ የአካባቢው ሴቶች ናቸው። ልብ በሉ፤ ይህ የንግግርና የአስተሳሰብ ሕክምና እንጂ ጨዋታ አልነበረም። ደግሞም ሁለቱ ወገኖች ያገኙት ሕክምና ራሱ ይለያያል፤ ልዩነቱ ሁሉ ከቡድኑ የመጣ ነው ማለት አንችልም።

ሁለተኛው ጡብ ሰውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ሌላ ሕክምና ያልረዳቸውን ድኅረ አደጋ ጭንቀት ያለባቸውን 64 ሴቶች ለሁለት ከፈለ፤ አንዱ ወገን ለአሥር ሳምንት ለእነሱ የተስተካከለ ዮጋ ሠራ፣ ሌላው የጤና ትምህርት ወሰደ። መጨረሻ ላይ ከዮጋዎቹ 31 ሴቶች 16ቱ፣ ከትምህርቱ 29 ሴቶች 6ቱ የሕመሙን መስፈርት አላሟሉም። ሰውነት የተማረውን ፍርሃት ሰውነትን ሳይነኩ ማስረሳት ከባድ ነው የሚሉት ሰዎች በዚህ ይበረታታሉ።

ደግሞ ከጨዋታው የሚቀድም ነገር አለ። ጁዲት ኸርማን የተባለችው የሥነ አእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመችው መጽሐፍ ማገገምን በሦስት ደረጃ ስትከፍል የመጀመሪያውን «ደኅንነት» ብላዋለች። ማታ ወደ ዱላ የምትመለስ ሴት ፍርሃቷ ሕመም አይደለም፤ ትክክለኛ መረጃ ነው። እሷን ዘና ማድረግ አደጋ ላይ መጣል ሊሆን ይችላል። ጥቃት ፈጻሚን ጥሎ የመውጣት ጊዜ ደግሞ እጅግ አደገኛው ጊዜ መሆኑ በብዙ አገር ታይቷል፤ «ለምን ጥላው አትሄድም?» የሚለው ጥያቄ በአፍ ቀላል የሆነውን ያህል በእግር ቀላል አይደለም። እንደ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ያሉ ድርጅቶች መጀመሪያ መኝታ፣ ሕክምና፣ የሕግ ድጋፍ ብለው የሚጀምሩት ለዚህ ነው። አልጋው ከሌለ ኳሱ ትርጉም የለውም። የድመቷ ፀጉር ሳጥኑ ውስጥ እያለ «ተጫወቱ» አይባልም።

ይህን የምታነቡ አንዳንዶቻችሁ የቁልፉን ድምፅ ታውቁታላችሁ። ከሆነ፣ የቤታችሁን ሰላም መጠበቅ የእናንተ ሥራ አይደለም፤ የምታምኑት አክስት ወይም አጎት፣ አስተማሪ፣ የትምህርት ቤት አማካሪ ጋ ሄዳችሁ መናገር ግን ትችላላችሁ።

ወደ ሳይንሱ ስንመለስ፣ ገና ያልተፈታው ጥያቄ ይሄ ነው፦ የሚያድነው ጨዋታው ነው ወይስ አብሮ መሆኑ? ብትመረምሩት ኖሮ እንዴት ታደርጉት ነበር? በዕጣ ሁለት ቦታ የተከፈሉ ሴቶች ያስፈልጋሉ። ሁለቱም ያው አመቻቾች፣ ያው የሳምንት ብዛት፣ ያው ሻይ፣ ያው የምሥጢር ቃል ኪዳን ይኑራቸው። አንደኛው ቡድን ይጫወት፤ ሁለተኛው ክብ ሠርቶ ብቻ ያውራ። ከስድስት ወር በኋላ እንቅልፋቸውን፣ መበርገጋቸውን፣ ጭንቀታቸውን ለኩ። አንድ ችግር ግን አለ፤ አማርኛ የሚናገሩ ሴቶች ከሆኑ ሁለተኛውን ቡድን «አትጫወቱ፣ አውሩ ብቻ» ብላችሁ ማስረዳት አለባችሁ።